የጴጥሮስ “ስ” እና የፊንላንዱ ኩኒንጋስ

ፊንላንድ ንጉሥ የላትም። የራሷ ንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀምጦባትም አያውቅም። ለብዙ መቶ ዓመታት የስዊድን ነገሥታት ገዟት። ከ1809 ጀምሮ የሩሲያ ቄሣሮች ተረከቧት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1917 ነፃ ወጣች። ወዲያው “እኛም ንጉሥ ይኑረን” የሚሉት በረቱና ፓርላማው ኦክቶበር 9 ቀን 1918 አንድ ጀርመናዊ ልዑል ንጉሥ አድርጎ መረጠ። ሰውየው ፍሪድሪክ ካርል ይባላል፣ የሄሰን ቤት ልጅ ነው። ግን በወሩ ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸነፈች። እሱም ዘውድ ሳይጭን ዲሴምበር 14 ላይ “ይቅርብኝ” አለ። በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ ሪፐብሊክ ሆነች፣ የንጉሡም ወሬ በዚያው ቀረ።

ንጉሥ ባይኖራቸውም ቃሉ ግን አላቸው። “ንጉሥ” በፊንላንድኛ ኩኒንጋስ ይባላል። ይህ ቃል ፊንላንዶች ራሳቸው የፈጠሩት አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከባሕር ማዶ ሰዎች በውሰት ያገኙት ነው። የቃሉ ባለቤቶች የስዊድኖች፣ የዴንማርኮች፣ የጀርመኖችና የእንግሊዞች አያቶች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ቃሉን ዛሬ ምን አደረጉት? ስዊድኑ ኩንግ ይላል። ዴንማርኩ ኮንገ። ሆላንዱ ኮኒንግ። እንግሊዙ ኪንግ። እያንዳንዱ ከጫፉ ቆርጧል፣ አንዳንዱ መሀሉንም በልቷል። ንጉሥ ያላቸው አገሮች ቃሉን ሲሸራርፉ ንጉሥ የሌላት ፊንላንድ እስከ ጅራቱ ድረስ ይዛዋለች። ተዋሹ ከባለቤቱ የበለጠ እቃውን ጠብቋል ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ነገሩ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። ትንሽ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ዝምድናውን እናጥራ። ካርታ ላይ ስታዩት ፊንላንድ ከስዊድን ጎን ናት። ሰው ቋንቋቸውም ይመሳሰላል ብሎ ይገምታል። በፍጹም አይመሳሰልም። ስዊድንኛ፣ ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዴንማርክኛ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እኛ አማርኛን፣ ትግርኛንና ግዕዝን “ሴማዊ” ብለን በአንድ እንደምንጠራቸው፣ እነሱም በአንድ ላይ “ጀርመናዊ” ቋንቋዎች ይባላሉ። ይህ ቤተሰብ ደግሞ ግሪክኛን፣ ላቲንን፣ ሩሲያኛን፣ ፋርስኛንና ሂንዲን ሳይቀር የሚያቅፍ የአንድ ትልቅ ጎሣ ቅርንጫፍ ነው። ጎሣው ህንድ-አውሮፓዊ ይባላል።

ፊንላንድኛ ከዚህ ጎሣ የለም። ዘመዶቹ ኢስቶንኛ፣ በሰሜኑ በረዶ የሚኖሩት የሳሚ ሕዝብ ቋንቋዎች፣ ራቅ ብሎም የሀንጋሪ ቋንቋ ናቸው። ልዩነቱን ለማየት መቁጠር ይበቃል። እንግሊዙ ዋን፣ ቱ፣ ትሪ ይላል። ጀርመኑ አይንስ፣ ትስቫይ፣ ድራይ። ትንሽ ልብ ካልን መመሳሰላቸው ይሰማል። ፊንላንዱ ግን ዩክሲ፣ ካክሲ፣ ኮልሜ ነው የሚለው። ስለዚህ ኩኒንጋስና ኪንግ ሲመሳሰሉ ሥጋ ዝምድና አይደለም። ገበያ ነው፣ ጉርብትና ነው፣ ምናልባትም ጋብቻ ነው።

ጀርመናዊ ቋንቋዎች ከመለያየታቸው በፊት የነበረውን አባት ቋንቋ ሊቃውንቱ “ጥንተ ጀርመናዊ” ይሉታል። በዚያ ቋንቋ የተጻፈ አንድም መጽሐፍ የለም። ቃላቱ የሚታወቁት ልጆቹን እርስ በርስ በማስተያየት ነው። አባቱን ያላየኸውን ቤተሰብ ልጆቹን አሰልፈህ “አፍንጫው እንዲህ ነበር፣ ግንባሩ ደግሞ እንዲህ” ብለህ እንደመሳል ነው። በዚህ መንገድ የተገኘ ቃል ሲጻፍ ፊቱ ላይ ኮከብ ይደረግለታል። “ይህን ቃል ተጽፎ ያየው የለም፣ በስሌት ነው ያገኘነው” የማለት ምልክት ነው። እና “ንጉሥ” የሚለው ቃል በኮከብ ሲጻፍ ምን ይመስላል? *ኩኒንጋዝ።

አሁን ፊንላንድኛውን ጎኑ አስቀምጡት። ኩኒንጋስ። ልዩነቱ የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ናት። “ዝ” የሚባል ድምፅ ፊንላንዶቹ ስላልነበራቸው በ“ስ” ተኩት። ሊቃውንቱ ወረቀት ላይ በስሌት የደረሱበትን ቃል አንድ የሄልሲንኪ ሕፃን ተረት ሲነበብለት በየምሽቱ ይሰማዋል።

ኩኒንጋዝ ሁለት ነገር ያቀፈ ቃል ነው። “ኩኒ” የሚለው ክፍል ዘር፣ ወገን፣ ቤተሰብ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ዘመድ ለማለት “ኪን” የሚሉት ከዚያው ነው። “ኢንግ” ደግሞ “የእገሌ ወገን፣ ከእገሌ የወጣ” የሚል ትርጉም ይሰጣል። በአማርኛ ፍቺ ፈልጉለት ብባል ብዙ አልቸገርም። “የጨዋ ልጅ” ነው። “የዘር ልጅ” ነው። በኛም ዘንድ “ልጅ” ራሱ የመኳንንት ቤት ማዕረግ ነበር። ልጅ ኢያሱን ማስታወስ ይበቃል። የሮማው ጸሐፊ ታሲተስ በ98 ዓ.ም. ስለ ጀርመናዊ ጎሣዎች ሲጽፍ፣ ነገሥታታቸውን በትውልድ ክብር፣ የጦር መሪዎቻቸውን ግን በጀግንነት እንደሚመርጡ ይናገራል። ቃሉና ምስክሩ ገጥመዋል። ለነገሩ “ንጉሥ” ስንል የላሊበላን ወይም የጎንደርን ዓይነት ቤተ መንግሥት አታስቡ። የዚያን ጊዜው ኩኒንጋዝ ጥቂት መንደሮችን የሚያዝዝ፣ ጥሩ ሰይፍና ጥሩ ጀልባ ያለው ባላባት ሳይሆን አይቀርም።

“ኩኒ” እና “ኢንግ” አለቁ። “አዝ” ቀረች። የጽሑፌ ዋና ጉዳይ እሷ ናት።

እስቲ ስሞቻችንን እንቁጠር። ጴጥሮስ። ጳውሎስ። ማርቆስ። ፊልጶስ። ቴዎድሮስ። አሁን እንግሊዞቹን እንቁጠር። ፒተር። ፖል። ማርክ። ፊሊፕ። ቴዎዶር። እኛ ጋ ያለችው “ኦስ” እነሱ ጋ የለችም። ልጅ ሆኜ እኛ የጨመርናት ይመስለኝ ነበር። ለማሳመር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እነሱ ቆረጧት እንጂ እኛ አልጨመርናትም። “ኦስ” የግሪክኛ ናት። ሥራዋም ስሙ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መሆኑን መንገር ነው። ግሪኩ “ጴጥሮስ መጣ” ሲል ጴትሮስ ይላል። “ጴጥሮስን አየሁት” ሲል ግን ጴትሮን ይሆናል። “የጴጥሮስ ቤት” ሲል ጴትሩ። ሲጠራው ደግሞ ጴትሬ! እኛ “ን”ን ከኋላ ወይም “የ”ን ከፊት እንደምናስገባው፣ እሱ ጅራቱን ይለዋውጣል። አባቶቻችን መጽሐፉን ወደ ግዕዝ ሲመልሱ ስሙን ከነጅራቱ ወሰዱት። የጅራቷ ሥራ ግን አብሮ አልመጣም። ስለዚህ እኛ “ጴጥሮስን” እንላለን፣ “ጴጥሮስ ሆይ” እንላለን። “ኦስ” የማይነቃነቅ የስሙ አካል ሆና ቀረች።

ኩኒንጋዝ ላይ ያለችው “አዝ” ሥራዋ ልክ ይኸው ነበር። ባለቤትን ማመልከት። ፊንላንዶቹም ልክ እንደኛ ሙሉውን፣ ከነጅራቱ አነሱት። የጅራቷን ሥራ አልወሰዱም፣ ድምፅዋን ብቻ ወሰዱ።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ስለሚመሳሰል ብቻ አይደለም። የግሪኩ “ኦስ” እና የጥንተ ጀርመናዊው “አዝ” አንድ ናቸው። ሁለቱም ከህንድ-አውሮፓዊው አያት ቋንቋ የወረዱ የአንዲት ጅራት ልጆች ናቸው። ላቲን “ኡስ” አደረጋት። ሊቱዌንኛ “አስ” ብሎ እስከ ዛሬ ይሠራባታል። ግሪክ “ኦስ” አላት። ጀርመናዊው “አዝ” አላት፣ ከዚያም ልጆቹ አንድ በአንድ ጣሏት። ስለዚህ የጴጥሮስ “ኦስ” እና የኩኒንጋስ “አስ” እህትማማቾች ናቸው። ሁለቱም በሰው ቤት ነው ያደጉት። አንዷ በአክሱም በኩል ገብታ፣ ሌላዋ በባልቲክ ባሕር። እኔ ይህን መጀመሪያ ስረዳ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

እዚህ ላይ ጥያቄ የሚያነሳ አንባቢ አይጠፋም። “ተጽፎ ያየው ከሌለ፣ ‘አዝ’ የምትባለው ነገር ራሷ ስለመኖሯ ማን ያውቃል?” ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ቀንድ ላይ ነው ያለው።

በደቡብ ዴንማርክ ጋለሁስ በሚባል መንደር ሁለት የወርቅ ቀንዶች ከመሬት ወጥተዋል። አንዱ በ1639፣ ሌላው በ1734። ሁለተኛው ላይ ሩን በሚባለው የጥንት ፊደል አንድ መስመር ተቀርጿል። በ400 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ነው ተብሎ ይገመታል። ጽሑፉ ሲነበብ “እኔ ህሌዋጋስቲዝ ሆልቲያዝ ቀንዱን ሠራሁ” ይላል። አንጥረኛው በሥራው ኮርቶ ስሙን አሰፈረ ማለት ነው። ስሙን አስተውሉ። ህሌዋጋስቲ-ዝ። ሆልቲ-ያዝ። ጅራቷ ወርቅ ላይ ተጽፋለች። የሚያሳዝነው ቀንዶቹ ዛሬ የሉም። በ1802 አንድ ወርቅ ሠሪ ሰርቆ አቀለጣቸው። ጽሑፉን ያዳነው ቀደም ብሎ የተሣለ ሥዕል ነው። አንዱ አንጥረኛ ስሙን ጻፈበት፣ ሌላው አንጥረኛ አቀለጠው።

ሌላም ምስክር አለ። በጀርመናዊ ቋንቋ የተጻፈ በጣም ጥንታዊው ረጅም ጽሑፍ የጎቶች መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዉልፊላ የሚባል ጳጳስ በ4ኛው መቶ ዘመን ተረጎመው። በኛ በኩል የንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው። ታዲያ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ “አዝ” ቀድሞ ተጎድታለች። “አ” ወድቃ “ስ” ብቻዋን ቀርታለች። “ንጉሥ” ለማለት ጎቶቹ ጭራሽ ሌላ ቃል ነው የሚጠቀሙት፣ ቲውዳንስ ይላሉ፣ “የሕዝቡ አለቃ” እንደማለት ነው። እንግዲህ አስቡት። ከ1600 ዓመት በላይ የሆነው የብራና ቃል የቆረጠውን፣ ዛሬ ፊንላንድ ውስጥ ካርታ የሚጫወት ጎረምሳ ሳይቆርጥ ይናገረዋል።

ይህን ሁሉ በሥርዓት አስተያይቶ ያሳየው ቪልሄልም ቶምሰን የሚባል ዴንማርካዊ ነው። በ1869፣ በ27 ዓመቱ፣ ጀርመናዊ ቋንቋዎች በፊንላንድኛና በዘመዶቹ ላይ ስላሳደሩት ተጽዕኖ የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። የራሱን አያቶች ቋንቋ በጎረቤት አፍ ውስጥ ፈልጎ አገኘ ማለት ነው። ይኸው ሰው በኋላ በ1893 ሞንጎሊያ ውስጥ የተገኙትን የኦርኾን የድንጋይ ጽሑፎች ፈትቶ ጥንታዊ ቱርክኛ መሆናቸውን ያሳወቀ ነው። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ነው፣ አንድ ተአምር አይበቃውም።

ኩኒንጋስ ብቻውን ቢሆን “አጋጣሚ ነው” ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ወንድሞች አሉት፣ ብዙ ወንድሞች። ላማስ ማለት በግ ነው። ከላምባዝ የመጣ ነው። እንግሊዙ የበግ ግልገል ለማለት “ላም” ይላል። (የኛን ላም አይደለም፣ አደራ እንዳትታለቡ።) ሩህቲናስ መስፍን ማለት ነው፣ ከድሩህቲናዝ። የሩሲያ ቄሣሮች ፊንላንድን ሲገዙ አገሪቱ የምትጠራበት የማዕረግ ስም ከዚህ ቃል ነው የተሠራው። ካውኒስ ማለት ቆንጆ ነው፣ ከስካውኒዝ። ጀርመኑ “ሾን” የሚለው ያንኑ ቃል ነው። ሌይፓ ዳቦ ነው፣ ከህላይባዝ። እንግሊዙ “ሎፍ” ይለዋል። በነገራችን ላይ “ሎርድ” የሚለው የእንግሊዞች የጌታ መጠሪያም ከዚሁ ከዳቦው ነው የተነሳው። በጥንት እንግሊዝኛ “የዳቦ ጠባቂ” ማለት ነበር። እንጀራ የሚሰጥህ ጌታህ ነው፣ ይህ የትም አገር አንድ ነው።

እነዚህን ቃላት ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። “ስካውኒዝ” “ስ”ን ጥሎ ካውኒስ ሆነ። “ድሩህቲናዝ” “ድ”ን ጣለ። “ህላይባዝ” “ህ”ን። የባሕር ዳርቻ በጀርመናዊው “ስትራንድ” ነው፣ በፊንላንድኛ ግን ራንታ ሆኗል። ሦስት ተነባቢ ከተደረደሩት ሁለቱ እደጅ ቀሩ። የድሮው ፊንላንድኛ ቃልን በተደራረበ ተነባቢ መጀመር አይወድም። በሩ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው። እኛ እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥመን “እ” ጣል እናደርግለታለን። ስፖርትን “እስፖርት” የሚል ሰው ሞልቷል። እነሱ ደግሞ ይቆርጣሉ። የስዊድንን ዋና ከተማ ስቶክሆልምን እስከ ዛሬ ቱክሆልማ ነው የሚሏት።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ይመስላል፦ ፊንላንዶች ከፊት ቆርጠው ከኋላ ጠበቁ፣ ጀርመናውያኑ ከፊት ጠብቀው ከኋላ ቆረጡ። ሁለቱን ገጣጥመህ ነው ሙሉውን የምታገኘው።

ከሁሉ የምወደው ግን ቀለበት ነው። ክብ ነገር፣ ቀለበት፣ የመኪና ጎማም ጭምር በፊንላንድኛ ሬንጋስ ይባላል። የመጣው ከህሬንጋዝ ነው። ስዊድኑና እንግሊዙ ዛሬ “ሪንግ” ይላሉ። “ሬ” ወደ “ሪ” ተለውጧል። ይህ ለውጥ በጀርመናዊ ቋንቋዎች ውስጥ ገና በጥንት የተደረገ ነው፤ የፊንላንዱ ሬንጋስ ግን ለውጡ ከመድረሱ በፊት የነበረውን “ሬ” ይዟል። እዚህ ላይ የሚያስቀው ነገር ይመጣል። ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። ስዊድኖች ፊንላንድን ገዙ። ፊንላንዶቹም ያንኑ ቃል ከስዊድን እንደ አዲስ ተዋሱት፣ በዚህኛው ጊዜ ሪንኪ ብለው። ክብ ሆነው ሲቆሙ ሪንኪ ነው። አንዱን እቃ ሁለት ጊዜ ተውሰው ሁለቱንም ቤት ውስጥ አስቀምጠዋል። ሬንጋስ “አስ” አላት፣ ሪንኪ የላትም፤ በሁለተኛው ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ጅራቱን ጥሎት ነበርና።

ቃሉ መቼ እንደገባ የሚታወቀው እንዲህ ነው። “አስ” ወይም “ኢስ” ይዞ ከመጣ የጥንት ነው። “ኢ” ብቻ ተለጥፎበት ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ዘመን ነው። ግን ይህን ይዞ መፍረድም ያሳስታል። ራታስ፣ ማለትም የጋሪ እግር፣ በ“አስ” ያልቃል፣ ሆኖም ከጀርመናዊ አይደለም። ከሊቱዌንኛ አያቶች ነው። ሊቱዌንኛ ያችኑ ጅራት እንዳለው ከላይ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጅራቱን ብቻ አይተው አይወስኑም፣ ግንዱንም ያያሉ።

አሁን አንድ የእውነት ዕዳ መክፈል አለብኝ። እስካሁን ያወራሁት ፊንላንድኛ ቃሉን ሳይነካ ያስቀመጠው አስመስሎታል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል። ትንሽ ማጋነን አለበት። ኩኒንጋስ ውስጥ ያለችውን “ጋ” ተመልከቱ። ከኩኒንጋዝ በቀጥታ የመጣች ትመስላለች። አይደለችም! የድሮው ፊንላንድኛ “ግ” የሚባል ድምፅ አልነበረውም። ሲዋሱት በ“ክ” ነው የተቀበሉት፣ ኩኒንካስ ብለው። በኋላ ነው የለዘበው።

ለምን ለዘበ? ፊንላንድኛ አንድ ጠባይ አለው። አንድ ክፍለ ቃል በተነባቢ ከተዘጋ፣ መጀመሪያው ላይ ያለው ጠንካራ ድምፅ ይለዝባል። ከተከፈተ ጠንካራው ይመለሳል። ኩ-ኒን-ካስ ሲል መጨረሻው በ“ስ” ተዘግቷል፣ ስለዚህ “ካ” ለዝቦ ኩኒንጋስ ሆነ። “የንጉሥ” ለማለት ሲፈለግ ግን ኩኒንካን ነው የሚባለው፣ “ካ” ረዘም ብላ። “ክ” ተመልሳለች።

ነገር ግን ኩኒንካንም በ“ን” ተዘግቷል እኮ! ታዲያ ለምን አልለዘበም? ምክንያቱም ድሮ ኩኒንካሀን ነበር። ኩ-ኒን-ካ-ሀን። “ካ” ክፍት ነበረች። “ሀ” ቆይታ ጠፋች፣ ሁለቱ “አ” ድምፆች ተጋጠሙ፣ “ካ” ረዘመች። በአንዳንድ የምዕራብ ፊንላንድ ቀበሌኛዎች “ሀ” ዛሬም ትሰማለች። ለመሆኑ “ሀ” ከየት መጣች? ከዚያችው ከጅራታችን ናት። “ስ” ቃሉ መጨረሻ ላይ ስትሆን “ስ” ሆና ትቀራለች፣ በሁለት አናባቢ መሀል ስትገባ ግን ወደ “ሀ” ትሟሽሻለች። ስለዚህ የንጉሡ ጅራት ጠፍታም አሻራዋን ትታለች፦ “ክ” ካለቦታዋ ጠንክራ መገኘቷ ነው አሻራው። ሰውየው ከቤት ወጥቷል፣ ወንበሩ ግን ገና ሞቃት ነው።

ፊንላንዶቹ ከነዚህ ሰዎች የወሰዱት የሹመት ቃል ብቻ ቢሆን ታሪኩ ቀላል ነበር። መርከበኞች መጡ፣ ነገዱ፣ ገዙ፣ ቃላቸውን ትተው ሄዱ እንል ነበር። ፔልቶ፣ እርሻ ማለት ነው፣ ከነሱ ነው። ኩልታ፣ ወርቅ፣ ከነሱ ነው። ራውታ፣ ብረት፣ ከነሱ ነው፣ መነሻውም ቀዩ የብረት አፈር ነው። ካና፣ ዶሮ፣ ከነሱ ነው። እስካሁን ገበያ ነው፣ ይገባናል።

እናትስ? እናት በፊንላንድኛ አይቲ ትባላለች። (የኮምፒውተሩን አይቲ እርሱት።) እሷም ከጀርመናዊ ነው የመጣችው። ጎቶቹ እናትን በዚሁ ቃል ይጠሯት ነበር። ሌሎቹ ጀርመናዊ ቋንቋዎች “ማዘር”፣ “ሙተር” ብለው ስለቀሩ ቃሏ ዛሬ በሕይወት የምትገኘው በፊንላንድና በአካባቢዋ ነው። የፊንላንዶቹ የራሳቸው ኤማ የሚባል ቃል ነበራቸው። እሱ ወደ በረት ወረደ፣ በተለይ ለእንስሳት እናት ይውላል። ሰው እንዴት የእናቱን መጠሪያ ከባዕድ ይዋሳል የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ “ማሚ” እያለ የሚያድገውን ልጅ ይቁጠር። እናት ቃል የምትዋሰው ጦር ስለመጣባት አይደለም። አዲሱ ቃል የተሻለ ቤት ሽታ ሲኖረው ነው። ምናልባት በዚያ ባሕር ዳርቻ ሁለቱ ሕዝቦች ተጋብተዋል፣ ልጆቹም ሁለት ቋንቋ እየሰሙ አድገዋል። እኔ ለዚህኛው ግምት አደላለሁ፣ በሰይፍ ብቻ “እናት” የሚል ቃል አይገባምና።

አርማስም እንዲሁ ልብ ይነካል። በፊንላንድኛ ውዴ፣ የምወደው ማለት ነው። የመጣው ከአርማዝ ነው። አርማዝ ግን ምስኪን፣ ድሃ፣ የሚያሳዝን ማለት ነበር። ጀርመኑ ዛሬም ድሃን “አርም” ይለዋል። አንዱ ቃል ባሕር ሲሻገር ከማሳዘን ወደ መወደድ ተለወጠ። አንጀት የሚበላ ሰው መጨረሻው መወደድ ነው ማለት ነው፣ ይህንን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ንጉሣችን ልመለስ። ኩኒንጋዝ የተጓዘው ወደ ፊንላንድ ብቻ አልነበረም። ሰሜን ሳሚዎቹ ጎናጋስ ይላሉ፣ እነሱም “አስ”ን ይዘዋል። ኢስቶኒያውያን እንደ ፊንላንዶቹ ኩኒንጋስ ነው የሚሉት። ስላቮቹ ወስደው አላመጡት፣ አለሰለሱት፣ የሩሲያው ክኒያዝ ከዚያ ወጣ፣ መስፍን ማለት ነው። ሊቱዌኖቹ ኩኒጋስ ይላሉ። እዚያ ያለችው “አስ” ከውሰት የመጣች እንዳይመስላችሁ፣ የራሳቸው ናት፣ ለማንኛውም እንግዳ ቃል የሚያለብሷት።

ትርጉሙ ደግሞ እየተጓዘ ወረደ። ፊንላንድ ላይ ንጉሥ የነበረው ሩሲያ ላይ መስፍን ሆነ። ሊቱዌኒያ ላይ መጀመሪያ ጌታ ነበር፣ ዛሬ ግን ኩኒጋስ ማለት ቄስ ነው። ለንጉሥ ሌላ ቃል ከስላቮቹ ተውሰው ካራሊዩስ ይላሉ፤ የዚህ ቃል መነሻ የጥንቱ የፍራንኮች ንጉሥ የታላቁ ካርል ስም ነው። ላትቪያ ላይ ቃሉ አጥሮ ኩንግስ ሆኗል። እዚያ ኩንግስ ለመባል ዘውድም ክህነትም አያስፈልግም። ሪጋ ከተማ ውስጥ ለአንድ ሰው በአክብሮት ደብዳቤ ስትጽፉ ከስሙ ጋር የምታስቀምጡት ነው። በአማርኛ “አቶ” እንደማለት።